ውሃው ግድግዳውን በስንት ኩንታል ይገፋል?

ግቢው ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ሊያሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሺህ ሊትር ይይዛል?» ብሎ ነው። ሮቶ የሚሸጠው በሊትር ነው። ግንበኛም ዋጋ የሚያወራው በሊትር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እስከሚቀጥለው ፈረቃ የሚያደርሰው ሊትሩ ነውና። ግድግዳው ግን ሊትር የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ውሃው ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ብቻ ነው።

ሁለት ገንዳ እናስብ። አንዱ ሰፊ ነው፤ 50 ሺህ ሊትር ይይዛል፣ የውሃው ጥልቀት ግን 1 ሜትር ብቻ ነው። ሌላው ጠባብ ነው፤ የሚይዘው 5 ሺህ ሊትር ሲሆን 3 ሜትር ይጠልቃል። ግድግዳውን ይበልጥ የሚገፋው የትኛው ነው? ብዙ ሰው ሳያቅማማ ሰፊውን ይላል። መልሱ ግን ጠባቡ ነው። ያውም በትንሹ አይደለም፤ በእያንዳንዱ 1 ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ ዘጠኝ እጥፍ ይገፋል። ዘጠኙ ከየት እንደመጣ ለማየት ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም።

1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ሺህ ሊትር ነው። ክብደቱ 1 ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ወለሉ 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ ዕቃ ውስጥ 1 ሜትር ከፍታ ውሃ ብትሞሉ ወለሉ 10 ኩንታል ይሸከማል። 2 ሜትር ብትሞሉ 20፣ 3 ሜትር ብትሞሉ 30 ኩንታል። ወለሉን ብታሰፉት ውሃውም አብሮ ይበዛል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ግን ያው ነው። ስለዚህ ጥልቀቱን በሜትር ካወቃችሁ፣ ያው ቁጥር በካሬ ሜትር ላይ ያለው ግፊት በቶን ነው። 3 ሜትር ጥልቀት፣ 3 ቶን በካሬ ሜትር። ለውሃ ይህቺን አንዲት መስመር መያዝ ይበቃል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወለል ነው። ግድግዳው ምን አገባው? ድንጋይ ብትከምሩ ክብደቱ በአብዛኛው ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ግን የራሱን ቅርጽ ይዞ መቆም አይችልም፤ ከላይ ሲጫነው ወደ ጎን መሸሽ ይፈልጋል። ያልሸሸው ግድግዳው ስለያዘው ብቻ ነው። በአንድ ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ ወደ ታች በሚጫንበት ልክ ወደ ጎንም ይገፋል፣ ወደ ላይም ይገፋል። 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ግፊት በካሬ ሜትር 2 ቶን ነው፤ ወለሉ እዚያ ቢሆን ኖሮ የሚሸከመውን ያህል ማለት ነው።

ፊዚክስ የተማረ አንባቢ እዚህ ጋ ቅር ሊለው ይችላል። ቶን የቁስ መጠን መለኪያ እንጂ የጉልበት አይደለም፤ መሐንዲስ የሚያሰላው በኪሎ ኒውተን ነው። ልክ ነው። የ1 ቶን ክብደት 9.81 ኪሎ ኒውተን ነው፤ በእጅ ለሚሠራ ሒሳብ በ10 ቢያባዙትም ችግር የለም። እኔ ግን እዚህ በቶንና በኩንታል እቀጥላለሁ። ኪሎ ኒውተን ትከሻ ላይ አይሰማም፤ ኩንታል ይሰማል።

አሁን ግድግዳው ሙሉውን ስንት እንደሚገፋ እናስላ። የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር ይሁን። ከላይ፣ የውሃው ገጽ ላይ፣ ግፊቱ ዜሮ ነው። ከታች ወለሉ ጋ በካሬ ሜትር 3 ቶን ነው። በመሐሉ በእኩል እየጨመረ ይወርዳል። ወረቀት ላይ ብትስሉት አናቱ ላይ የሾለ፣ ታቹ ሰፊ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የሦስት ማዕዘኑ አማካይ 1.5 ቶን ነው። አማካዩን በቁመቱ፣ በ3 ሜትር፣ ስናባዛው 4.5 ቶን ይመጣል። ይህ ለ1 ሜትር የግድግዳ ርዝመት ነው። ያ 1 ሜትር የሚጠልቀው ሰፊ ገንዳ ደግሞ አማካዩ ግማሽ ቶን፣ ቁመቱ 1 ሜትር ነው፤ ግማሽ ቶን ብቻ። 4.5 ለግማሽ ሲካፈል ዘጠኝ።

በአጭሩ ሲጻፍ፦ ጉልበት = ½ × የፈሳሹ ክብደት በሜትር ኩብ × ጥልቀት × ጥልቀት × የግድግዳው ርዝመት።

ግድግዳው 4 ሜትር ርዝመት ካለው 4.5 ሲባዛ በ4፣ 18 ቶን ነው። 180 ኩንታል። ይህ አንዱ ግድግዳ ብቻ ነው፤ የፊት ለፊቱም 180 ኩንታል በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋል። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚመጣጠኑ ገንዳው ከቦታው አይንሸራተትም። ሁለቱ ግድግዳዎች ግን ሌት ተቀን ለመለያየት ይታገላሉ። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይታይም። ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ጣሪያ ላይ 180 ኩንታል ሲሚንቶ ቢከመር የማይደነግጥ የቤት ባለቤት የለም።

18 ቶኑን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። የት ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ደግሞ ሌላው ግማሽ። ሦስት ማዕዘኑ ታቹ ሰፊ ስለሆነ ጉልበቱም ወደ ታች ያደላል፤ ከወለሉ የጥልቀቱ አንድ ሦስተኛ ላይ። ጥልቀቱ 3 ሜትር ከሆነ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ማለት ነው። ግድግዳው ከላይ ምንም ያልያዘው፣ ከወለሉ ጋር ብቻ የተያያዘ ከሆነ፣ ይህ ጉልበት ከስሩ ሊያጥፈው ይሞክራል። መሐንዲሶች ሞመንት የሚሉት ይህንን ነው፤ ጉልበቱ ሲባዛ በርቀቱ። በእኛ ምሳሌ 4.5 ቶን ሲባዛ በ1 ሜትር ነው።

አሁን አደገኛው ነገር ይመጣል። ጥልቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጥልቀት ሁለት ጊዜ ተባዝቷልና። ከስር ያለው ሞመንት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱም አብሮ ስለጨመረ። «መሬት ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ወደ ላይ እናስረዝመው» የሚል ሐሳብ በየግንባታው ይሰማል። ከ2 ሜትር ወደ 3 ሜትር ማስረዘም ለዓይን አንድ ሜትር ነው። ለግድግዳው ስር ግን ሞመንቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው የሚያድገው። 2 ሜትር የቻለ ውፍረትና ፌሮ 3 ሜትር ይችላል ብሎ መገመት አይቻልም።

የውሃው ብዛት ግድግዳውን አይመለከተውም የሚለው ነገር ሰዎችን ማስገረም የጀመረው ዛሬ አይደለም። ሲሞን ስቴቪን የሚባል፣ በዛሬዋ ቤልጅየም የምትገኘው የብሩዥ ከተማ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1586 ባሳተመው ሥራው ይህንን አስረድቷል። ወለላቸው እኩል፣ የውሃ ከፍታቸው እኩል የሆኑ ዕቃዎች ቅርጻቸው ምንም ቢለያይ፣ የያዙት ውሃም ቢበላለጥ፣ ወለላቸው ላይ ያለው ግፊት አንድ ነው። እስከ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ግራ የሚያጋባ ሐቅ ተብሎ ነው የሚቀርበው።

ለኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሕዳሴ ግድብ ነው። ግድብ ታንከር ባይሆንም ሕጉ ያው ነው። ከጀርባው እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ተኝቷል። ያን ሁሉ ውሃ ያ ግንብ ብቻውን እንዴት ቻለው ብሎ የማይገረም የለም። ግን ግንቡን የሚገፋው የሐይቁ ርዝመት አይደለም። ውሃው 100 ሜትር የሚጠልቅበትን አንድ ቦታ ብንወስድ፣ እዚያ ያለችው 1 ሜትር የግድብ ርዝመት የሚደርስባት ግማሽ ሲባዛ በ100 ሲባዛ በ100፣ ማለትም 5 ሺህ ቶን ነው። ሐይቁ ወደ ኋላ የሚረዝመው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮም ጥልቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ያው 5 ሺህ ቶን ነበር። በእርግጥ 5 ሺህ ቶን በሜትር ቀላል ነገር ሆኖ አይደለም፤ ግንቡ ከታች ያን ያህል የወፈረው በምክንያት ነው።

የዚህ ሐቅ ክፉ ጎን በትንሽ ውሃ ብዙ ጉዳት ማድረስ መቻሉ ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል እንዳደረገው የሚነገር አንድ ሙከራ አለ። በውሃ የተሞላና በደንብ የታሸገ በርሜል ላይ ረጅምና ቀጭን ቱቦ አቁሞ ከላይ ውሃ ጨመረበት፤ በርሜሉ ተተረተረ ይባላል። ታሪኩ በትክክል ተፈጽሞም ይሁን አይሁን ሒሳቡ ይሠራል። የቱቦው ቀዳዳ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሜትር ቢሆን የሚጨመረው ውሃ 1 ሊትር ብቻ ነው። በርሜሉ ግን በየካሬ ሜትሩ 10 ቶን ይጨመርበታል።

ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። ምድር ላይ ያለ ታንከር ክዳኑ በብየዳ ወይም በብሎን በጥብቅ ታሽጎ፣ ትርፍ ውሃ ማስወጫው ተደፍኖ፣ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ደግሞ ቢበላሽ፣ ታንከሩ ከመስመሩ ጋር አንድ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። የመስመሩ ግፊት 2 ባር ቢሆን ያ 20 ሜትር ጥልቀት ነው። ለ2 ሜትር ውሃ የተሠራ ግድግዳ 20 ሜትር ይዞ አይቆምም። ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቧንቧን ብዙ ሰው ግቢው በውሃ እንዳይጥለቀለቅ የተሠራ አድርጎ ያየዋል። ዋና ሥራው ግን ግድግዳውን ማዳን ነው።

በተቃራኒው ሰው በከንቱ የሚፈራው ነገርም አለ። ሮቶው 6 ሜትር የብረት ማማ ላይ ሲወጣ የሮቶው ግድግዳ ይበልጥ አይጨነቅም። ጥልቀት የሚቆጠረው ከውሃው ገጽ ነው፤ ከመሬት አይደለም። ከፍታው የሚጨምረው ቧንቧው ውስጥና ታች ያለው ሻወር ላይ ነው። ማማውማ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በእውነት ሊትሩን ይሸከማል።

ሮቶ ለምን ክብ ሆነ? ለማምረት ስለሚቀል ብቻ አይደለም። ዲያሜትሩ 2 ሜትር፣ ውሃው 3 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተሠራ እንበል። ውሃው ወደ ውጭ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲገፋ ላሜራው ዙሪያውን ይወጠራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ግፊቱን በዲያሜትሩ ግማሽ ማባዛት። ከታች ግፊቱ 3 ቶን ነው፣ የዲያሜትሩ ግማሽ 1 ሜትር ነው። ስለዚህ 1 ሜትር ቁመት ያላት የላሜራ ቀለበት በ3 ቶን ትወጠራለች። ያቺ ቀለበት 100 ሳንቲ ሜትር በ0.3 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብረት አላት። ለአንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 100 ኪሎ ይደርሳል። ተራ የግንባታ ብረት መሸነፍ የሚጀምረው ወደ 2,400 ኪሎ ሲደርስ ነው። ላሜራው ገና አልተነካም።

ያንኑ ላሜራ ጠፍጣፋ አድርገን 2 ሜትር ጎን ያለው ባለ አራት ማዕዘን ታንከር ብንሠራበትስ? ጠፍጣፋ ግድግዳ አይወጠርም፤ ይታጠፋል። ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ እንደተደገፈ ሰሌዳ ቆጥረን፣ የወለሉን ድጋፍ ትተን ስናሰላው፣ በካሬ ሳንቲ ሜትር 100 ሺህ ኪሎ ይወጣል። ከክቡ አንድ ሺህ እጥፍ። በእርግጥ ብረቱ እዚያ ቁጥር ላይ አይደርስም። ቀድሞ ሆዱን ይነፋል። መነፋቱ ራሱ ክብ ለመሆን የሚያደርገው ትግል ነው፤ ሲነፋ ከመታጠፍ ወደ መወጠር ይሸሻል። ብየዳ ቤት የሚሠሩ ባለ አራት ማዕዘን ታንከሮች በአንግል ብረት የሚታሰሩት፣ በውስጣቸውም ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ማሰሪያ ብረት የሚያልፍባቸው ለዚህ ነው። «ብረት ለመቆጠብ» ያንን ማሰሪያ መተው የለየለት ሞኝነት ነው።

የኮንክሪት ገንዳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኮንክሪት ሲጫኑት ጎበዝ ነው፣ ሲወጥሩት ግን ደካማ። ውጥረቱን የሚሸከመው ፌሮ ነው። ስለዚህ ፌሮው የሚወጠረው ወገን ላይ መቀመጥ አለበት። ውሃ ከውስጥ ሲገፋ የግድግዳው ስር የሚወጠረው በውስጥ በኩል፣ ውሃው ባለበት ፊት ነው። ጥጉም እንደዚሁ በውስጥ በኩል ይወጠራል። በሁለት ጥጎች መሐል ያለው የግድግዳው ሆድ ግን በውጭ በኩል ነው የሚወጠረው። አንድ ረድፍ ፌሮ በግድግዳው መሐል አቁሞ ኮንክሪት መሙላት ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፤ ሁለቱንም ወገን ግን በቅጡ አይደግፍም። ባዶ መሐል ያለው ብሎኬት ደርድሮ ወፍራም ልስን መለሰንማ ውሃው እንዳያንጠባጥብ ይረዳ ይሆናል እንጂ ለ180 ኩንታል መልስ አይሆንም።

ሒሳቡ ሲዘለል የሚሆነውን ለማየት የአሜሪካዋን ከተማ ቦስተንን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1919 በከተማዋ ኖርዝ ኤንድ ሰፈር አንድ ግዙፍ የሞላሰስ ታንከር ፈነዳ። ሞላሰስ ከስኳር ምርት የሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ነው። የታንከሩ ቁመት ወደ 15 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 27 ሜትር ነበር። ውስጡ ወደ 8.7 ሚሊዮን ሊትር ነበረበት። 21 ሰዎች ሞቱ፣ 150 ያህል ቆሰሉ። ሕንፃዎች ከመሠረታቸው ተነቀሉ።

እስቲ እኛው እናስላው። ሞላሰስ ከውሃ 1.4 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ከታች ያለው ግፊት 15 ሲባዛ በ1.4፣ በካሬ ሜትር 21 ቶን ነው። የዲያሜትሩን ግማሽ 13.5 ሜትር ብንል፣ ከታች ያለችው የ1 ሜትር ቀለበት በ280 ቶን ገደማ ትወጠራለች። የብረቱ ውፍረት ከታች ወደ 17 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህ 170 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ለአንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ1,600 ኪሎ በላይ ይደርሳል። ብረቶቹ የተያያዙት በሪቬት፣ ማለትም በቀዳዳ አልፎ ጫፉ በሚቀጠቀጥ የብረት ምስማር፣ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ከብረቱ ሲቀነሱ ቁጥሩ ከ2 ሺህ ያልፋል። በጊዜው ለእንዲህ ያለ ሥራ ይፈቀድ የነበረው የዚህ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ይህንን ለማወቅ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃ ነበር።

ገጹን የሞላው ሰው አልነበረም። ግንባታውን የተቆጣጠረው ሰው ሙያው ሒሳብ አያያዝ እንጂ ምህንድስና አልነበረም። ታንከሩ እንደተሠራ በውሃ ተሞልቶ መፈተሽ ሲገባው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ተጨምሮበት አለፈ። ያ ከታች ያለውን ውጥረት መቶኛውን እንኳ አያክልም። ከጅምሩ ያንጠባጥብ ነበር። ኩባንያው የወሰደው እርምጃ ታንከሩን ቡናማ ቀለም መቀባት ነው፤ የሚንጠባጠበው እንዳይታይ። ከአደጋው በኋላ ቦምብ ነው ብሎ ተከራከረ። ከዓመታት ሙግት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1925 ጥፋቱ የኩባንያው ነው ተባለ። የብረቱም ጥራት ለብርድ የሚሰባበር ዓይነት እንደነበር በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ያሳያሉ፤ ቢሆንም ከመነሻው ውፍረቱ አልበቃም።

ከዚህ ታሪክ ለኛ ቅርብ የሆነው ነገር የፈሳሹ ዓይነት ነው። በወንጂ፣ በመተሐራና በፊንጫ ያሉ የስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ ያመርታሉ፤ ከብት የሚያደልቡ ሰዎችም ገዝተው ያስቀምጣሉ። ለውሃ የተሠራ ታንከር እስከ አፉ ድረስ ሞላሰስ ሲሞላበት 40 በመቶ ተጨማሪ ይገፋል። ማርም ልክ እንደዚያው 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፣ 0.84 አካባቢ። ቤንዚን ደግሞ ከናፍጣም ይቀላል። ስለዚህ የነዳጅ ታንከር በውሃ ሞልቶ መፈተሽ ብልህነት ነው፤ ፈተናው ከሥራው ይከብዳል። የሞላሰስ ታንከርን በውሃ መፈተሽ ግን ከሥራው ጭነት 70 በመቶውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

መሬት ውስጥ የተቀበረ ገንዳ ሒሳቡን ይገለብጠዋል። ከውጭ አፈር ይገፋል፣ ከውስጥ ውሃ ይገፋል። «አፈሩ ስለሚደግፈው ቀጭን ቢሆንም ችግር የለም» የሚሉ አሉ። ገንዳው ሙሉ ሲሆን ምናልባት። ገንዳ ግን ለጽዳት ባዶ ይሆናል። ያኔ አፈሩ ብቻውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በክረምት ደግሞ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ይበልጥ ይከብዳል። ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት ቦታ እብጠቱም ይጨመራል። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ገንዳው ሞልቶ ሲፈተሽ ደግሞ የሚደግፈው ምንም አፈር የለም። ግድግዳው ሁለቱንም ቀን መቻል አለበት፤ ሁለቱን ጉልበቶች አቀናንሶ ማስላት አይሠራም።

ሌላም አለ። ባዶ ገንዳ በውሃ የተከበበ ጀልባ ነው። ወለሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ገንዳ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ቢል፣ ቢያንስ 32 ቶን ወደ ላይ ያነሳዋል። የገንዳው ክብደትና በላዩ ያለው አፈር ከዚያ ካነሰ ገንዳው ይነሳል። ክረምት ላይ የተቀበረ ገንዳ አሟጥጦ ማጠብ ከመጀመር በፊት ጉድጓዱ ዙሪያ ውሃ መኖሩን ማየት ይሻላል።

አየር ማስገቢያውም አይረሳ። አዲስ አበባ ላይ ከላያችን ያለው አየር በካሬ ሜትር ከ7 ቶን በላይ ይጫናል። ታንከሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከውስጥም ከውጭም እኩል ስለሆነ ይጣፋል፤ ሒሳባችን ውስጥ ያላስገባነውም ለዚህ ነው። ማስተንፈሻው ተደፍኖ ፓምፕ ውሃውን ሲስብ ግን ውስጡ ያለው አየር ይሳሳል። ከ7 ቶኑ አንድ አሥረኛው እንኳ ሳይጣፋ ቢቀር በካሬ ሜትር 7 ኩንታል ወደ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ ለመወጠር የተሠራ ቀጭን ላሜራ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይጨማደዳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለረጋ ውሃ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ፎቅ ጣሪያ ሮቶ ሳያነሳ አልቀረም። ጥሩ አድርጓል። ታንከር ሲናወጥ የታችኛው ውሃ ከዕቃው ጋር እንደ አንድ ጠጣር ነገር ይንቀሳቀሳል፣ የላይኛው ደግሞ ለብቻው እየተንገዋለለ ግድግዳውን ይመታል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆርጅ ሃውስነር ይህንን ለሁለት ከፍሎ የሚሰላበትን ዘዴ አበጅቶለታል። ያ ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ በኩንታል አይጨረስም።

አዲስ ገንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞሉ ግን ከላይ ያለው ሒሳብ በቀጥታ ይጠቅማችኋል። 3 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ ግማሽ ሲሞላ ግድግዳው ያየው ከሙሉ ጉልበቱ ሩቡን ብቻ ነው። ስሩ ላይ ካለው ሞመንት ደግሞ ከስምንት አንዱን። «ግማሽ ድረስ ሞልተን አይተነዋል፣ ምንም አልሆነም» ማለት ብዙም ማለት አይደለም። ሦስት አራተኛው ሲሞላ እንኳ ከሞመንቱ 42 በመቶው ብቻ ነው የደረሰው። ከግማሽ በላይ የሆነው የሚመጣው በመጨረሻዎቹ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ግማሽ ሞልታችሁ አሳድሩት፣ ጥጎቹንና የወለሉን መገናኛ እዩ፣ የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የቀረውን በቀን ብርሃን፣ በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን እያቆማችሁ ሙሉ። በዚያ ሰዓት ልጆች ከግድግዳው ፊት ለፊት አይጫወቱ።